ወለዱ የተጨመረው በየትኛው ዕዳ ላይ ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት ነው። ለዓመታት በያዝኩት ክሬዲት ካርድ 3,200 ዶላር ዕዳ አለብኝ። የወሩን ክፍያ 8 ቀን በማዘግየቴ ባንኩ ቅጣት ከማስከፈሉም በላይ ወለዴን ከ19 ወደ 29 በመቶ እንደሚያሳድግ በደብዳቤ አሳውቆኛል። ሕግ ይፈቅድለታል? ካርዱን ብዘጋውስ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጉዳይዎን የሚመለከተው እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው፣ «ካርድ አክት» በመባል የሚታወቀው የፌዴራል ሕግ ነው። ሕጉ እስካሁን ያለብዎትን ዕዳ ወደፊት ከሚገዙበት ዕዳ ለይቶ ያያል። በነባሩ ዕዳ ላይ የቅጣት ወለድ ለመጫን ዝቅተኛው ክፍያ ከመክፈያው ቀን በኋላ 60 ቀን ሙሉ ሳይገባ መቅረት አለበት፤ የ8 ቀን መዘግየት ለዚህ አያበቃም። ስለዚህ 3,200 ዶላሩ በቀድሞው ወለድ ይቀጥላል። ለአዲስ ግዢ ግን ባንኩ የ45 ቀን ማስታወቂያ ሰጥቶ ወለዱን ማሳደግ ይችላል፤ አዲሱን ወለድ የሚሸከመውም ማስታወቂያው ከተሰጠ ከ14 ቀን በኋላ የገዙት ብቻ ነው።

29 በመቶ ራሱ ሕገ ወጥ አይደለም። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ሕጉ ለወለድ ጣሪያ አላበጀለትም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1978 ባንኮች በሚገኙበት ግዛት የተፈቀደውን ወለድ በሌላ ግዛት ነዋሪ ላይም መጠየቅ እንደሚችሉ በመወሰኑ፣ የሜሪላንድ ሕግ እምብዛም አይረዳዎትም።

አሁን የሚመጣልዎትን ስቴትመንት ይዘው የወለድ ስሌቱ የተዘረዘረበትን ሰንጠረዥ ይመልከቱ። ነባሩና አዲሱ ዕዳ በየራሳቸው መስመር፣ በየራሳቸው ወለድ መቀመጥ አለባቸው። የ3,200 ዶላር የወር ወለድ በ19 በመቶ ወደ 51 ዶላር፣ በ29 በመቶ ደግሞ ወደ 77 ዶላር ስለሚሆን ልዩነቱ አይሰወርዎትም። ሁሉም በ29 በመቶ ተሰልቶ ካገኙት ስቴትመንቱ በተላከ በ60 ቀን ውስጥ፣ ክፍያ ወደሚልኩበት ሳይሆን ስለ ሂሳብ ስሕተት እንዲጻፍበት ወደተመለከተው አድራሻ በጽሑፍ ያመልክቱ። ስልክ መደወል ብቻውን መብትዎን አያስጠብቅም። ባንኩ ካላስተካከለ ለፌዴራሉ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ አቤት ማለት ይቻላል።

የዘገየበት ቅጣትም ቢሆን መክፈል ከነበረብዎት ዝቅተኛ ክፍያ ሊበልጥ አይችልም።

ካርዱን ቢዘጉትም የነባሩ ዕዳ ጥበቃ አይቀርም። ይሁን እንጂ መዝጋቱ ግድ አይመስለንም፤ አዲስ ነገር ሳይገዙበት ዕዳውን መክፈል ይበቃል። የግድ ከገዙበት ግን ከዝቅተኛው በላይ የሚከፍሉት ገንዘብ አስቀድሞ ከፍተኛ ወለድ ባለበት ዕዳ ላይ እንዲውል ሕጉ ያዝዛል።

ጥያቄ፦ የጭነት መኪና አሽከርካሪ ነኝ። ነዳጅ የምቀዳው በድርጅቴ ስም በወጣ ካርድ ነው። ይህ ሕግ ለእኔም ይሠራል?

መልስ፦ ከላይ የተጠቀሱት የወለድ ጥበቃዎች ለግልና ለቤተሰብ ፍጆታ የወጡ ካርዶችን እንጂ የንግድ ካርድን አይሸፍኑም። ባንኩ በነባር ዕዳዎ ላይ ወለድ መጨመር መቻል አለመቻሉን የሚወስነው በዋናነት የፈረሙት ውል ነው። ካርዱ ተሰርቆ ሌላ ሰው ቢጠቀምበት ከ50 ዶላር በላይ አይጠየቁም የሚለው የቆየ ድንጋጌ ግን ለንግድ ካርድም ይሠራል፤ ለሠራተኞቻቸው 10 ወይም ከዚያ በላይ ካርድ ያወጡ ድርጅቶች ብቻ ከባንኩ ጋር ሌላ ስምምነት ሊፈራረሙ ይችላሉ።