የወራሽነት ማስረጃ ለማውጣት ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ለሚሄዱት እህታችን

እህቴ፣ በቅድሚያ እግዚአብሔር ያጽናዎት፤ የአባትዎን ነፍስ ይማር። አባትዎ በሚኖሩበት በመንዝ፣ መሐል ሜዳ እንዳረፉ፣ እርስዎ አዲስ አበባ እንደሚኖሩ፣ እናትዎ በሕይወት እንዳሉና ከአምስታችሁ አንዱ ወንድምዎ ከአባትዎ ቀድሞ ሁለት ልጆች ትቶ እንደሞተ ገልጸው፣ ለወራሽነት ማስረጃ ምን ይዘው መሄድ እንዳለብዎ ጠይቀዋል። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን መጨረሻ ላይ እንደ ቀላል ነገር ያነሱት ነው። ማመልከቻ ጸሐፊው «በሕይወት ያላችሁትን አራታችሁን ብቻ ልጻፍ፤ የሟቹ ልጆች ከገቡ ነገሩ ይረዝማል» ብሎኛል ብለዋል። ይህን ሁሉ የምጽፈው በዋናነት ስለዚያ ምክር ነው፤ እኔ ራሴ እንዲህ ባለ ማመልከቻ ስማቸው ከተዘለለ ልጆች አንዱ ነኝና።

አንደኛ፣ መዝገቡን አዲስ አበባ ለመክፈት አይድከሙ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 826 መሠረት ውርስ የሚከፈተው ሟች በሞተበት ጊዜ ዋና መኖሪያው በነበረበት ቦታ ነው፤ ስለዚህ ከጣርማ በር ወደ መንዝ መታጠፍዎ አይቀርም። ችሎት የሚጠበቀው ደጅ ላይ ቆሞ ስለሆነ የማለዳውን ብርድ የሚችል ልብስ ይያዙ፤ የአዲስ አበባ ሹራብ እዚያ ልብስ አይባልም።

ሁለተኛ፣ ሰነድዎን አስቀድመው ያሟሉ። ሞት በ30 ቀን ውስጥ በወሳኝ ኩነት መመዝገብ አለበት፤ ቀኑ ካለፈብዎ ዘግይቶ ማስመዝገብ ስለሚቻል የሞት ምስክር ወረቀቱን ሳይይዙ ፍርድ ቤት አይሂዱ። ከዚያም የአባትዎን ስም በሞት ምስክር ወረቀቱ፣ በቤቱ ካርታ፣ በመሬቱ ደብተርና በባንክ ደብተሩ ላይ ጎን ለጎን አድርገው ያመሳክሩ። በእኛ አገር አንድ ሽማግሌ በቀበሌ በቤት ስሙ፣ በመሬት መዝገብ በክርስትና ስሙ፣ በሌላ ቦታ ደግሞ የአያቱ ስም እንደ አባት ስም ሆኖ ተጽፎ መገኘቱ የተለመደ ነው። ልዩነት ካገኙ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን በማመልከቻው ላይ ራስዎ ቀድመው ያስጽፉ፤ ምስክሮችዎም ይህንኑ ያስረዱ። የእርስዎንና የወንድሞችዎንም ስም እንዲሁ ይመልከቱ።

ሦስተኛ፣ ምስክር። ከውርሱ ድርሻ የሌላቸውን፣ ቤተሰቡን ከጥንት የሚያውቁ ጎረቤቶችን ወይም የእድር ሰዎችን ይምረጡ። ዳኛው የሚጠይቋቸው አይከብድም፤ ሟች መቼ ሞቱ፣ ኑዛዜ ነበራቸው ወይ፣ ስንት ልጆች ወለዱ፣ ከእነዚህ ሌላ ወራሽ ታውቃላችሁ ወይ የሚል ነው። የእኛን ቤት ያፈረሰው ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ነው።

አባቴ የሞተው እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ፣ አያቴ ሳትሞት ብዙ ቀደም ብሎ ነው። አያቴ ስታርፍ አጎቶቼ በሰሜን ሸዋ ካሉት ወረዳዎች በአንዱ ፍርድ ቤት አመለከቱ፤ ማመልከቻ ጸሐፊውም ለእርስዎ የተነገረውን ዓይነት ምክር ሰጣቸው። «ሟች ሦስት ልጆች ብቻ አሏቸው» ተብሎ ተጻፈ፤ የአባቴ ስም ሳይነሳ ቀረ። በቀብራችን ሁሉ ላይ የቆሙ ሁለት ምስክሮች «ሌላ ወራሽ አናውቅም» ብለው ማሉ። አጎቶቼ ማስረጃቸውን ይዘው የከተማውን ቤት ለአንድ ነጋዴ ለመሸጥ ተዋዋሉ፤ ቀብድም ተቀበሉ። እኔና እህቴ የሰማነው ሕሊናዋ ካላስቻላት ከአክስታችን ነው።

ሕጉ በዚህ ላይ ምንም ብዥታ የለበትም። ቁጥር 842 የሟች ልጆች በመጀመሪያ ደረጃ ወራሾች ናቸው፣ ድርሻቸውም እኩል ነው ይላል፤ ከልጆቹ አንዱ ቀድሞ ሞቶ ተወላጆች ትቶ ከሆነ እነሱ በእሱ ተተክተው ይወርሳሉ። በእርስዎ ቤት ይህ ማለት የአባትዎ ውርስ አምስት ቦታ ይከፈላል፣ ሁለቱ የወንድምዎ ልጆችም የአባታቸውን አንድ አምስተኛ ተካፍለው ለየራሳቸው አንድ አሥረኛ ያገኛሉ ማለት ነው። ነገሩ ይረዝማል የሚለው ጸሐፊ፣ እነሱ ተዘልለው ሲመጡ ምን ያህል እንደሚረዝም አያውቅም፤ ቢያውቅም የሚከፍለው እሱ አይደለም።

እኔና እህቴ ማስረጃው እንዲሰረዝ ለማመልከት ስንነሳ የአባታችን ልጆች መሆናችንን ማስረዳት ነበረብን። ለዚህ ቀበሌ ሄድን። በመስኮቱ ውስጥ የተቀመጠው ሠራተኛ ቀና ሳይል «የአባትህ የሞት ምስክር ወረቀት የታለ? ያንተስ የልደት?» አለኝ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገራችን በሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መሆኑን፣ አባቴም ከዚያ በፊት መሞቱን በትሕትና ባስረዳው «ታዲያ የማን ልጅ እንደሆንክ እኔ በምን አውቃለሁ?» ብሎ መስኮቱን ዘጋው። ይህ ሰው የአያቴን ተዝካር በልቶ የሄደ፣ ቤታችንን አሳምሮ የሚያውቅ ጎረቤት ነው። የቀበሌውን ስም አልጠራም፤ ነገር ግን እስከ ዛሬ በዚያ ደጃፍ ሳልፍ ደሜ ይፈላል።

ሰው ሁሉ «እጅ መንሻ ስጠው» አለኝ፤ እኔ ግን አልሰጠሁም፤ በዚህም እኮራለሁ። ይልቁንም የአባቴ ቀብር የተመዘገበበትን የእድሩን መዝገብ ከእድሩ ዳኛ እጅ ለምኜ አስገለበጥኩ፤ የአባቴ ስም ያለበትን የትምህርት ቤት ካርዴን ጨመርኩ፤ አክስቴንና የአባቴን የንስሐ አባት ምስክር አድርጌ ቆጠርኩ። የልደት ምስክር ወረቀት በሌለበት ሰው በቤተሰቡና በአካባቢው እንደ ልጅ ሲታይና ሲጠራ የኖረ መሆኑ በምስክር ሊረጋገጥ እንደሚችል የቤተሰብ ሕጉ ይፈቅዳል። ከዚህ ጋር ቀበሌው የሚያውቀውን በጽሑፍ እንዲገልጽ ትእዛዝ እንዲጻፍልኝ ፍርድ ቤቱን ጠየቅኩ። ያው ሰውዬ ማኅተም ያለበት ትእዛዝ ሲደርሰው የአባቴን ልጆች በስም ዘርዝሮ ጽፎ ላከ። እርስዎም ቀበሌ ወይም ሌላ ቢሮ ቢያጉላላዎ ደጅ እየጠኑ አይክረሙ፤ መዝገብ ከከፈቱ በኋላ ትእዛዝ ያስጽፉ።

የመጀመሪያው ማስረጃ ተሰረዘ፤ የአባታችን ድርሻ ለእኔና ለእህቴ የተጻፈበት ሌላ ወጣ። ነጋዴው ቤቱን በውሉ መሠረት ማግኘት እንደማይችል ሲያውቅ የሰጠውን ቀብድ እጥፉን ጠየቀ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት ቀብድ የተቀበለ ወገን ውሉን ካልፈጸመ እጥፍ አድርጎ መመለስ አለበትና። አጎቶቼ ከየጎተራቸው እህል ሸጠው ከፈሉ። ደስ ብሎኛል ብዬ አልዋሽም፤ አዝኛለሁም አልልም። እስከ ዛሬ በፋሲካ አንጠያየቅም።

ስለዚህ የወንድምዎን ልጆች ያስገቡ። አካለ መጠን ካልደረሱ እናታቸው ሞግዚት ሆና በእነሱ ስም ትቀርባለች፤ የሞግዚትነት ማስረጃ ከሌላት አስቀድማ እንድታወጣ ይንገሯት፤ ለመንገዷም እናንተ አራታችሁ ብትችሏት አይከብዳችሁም። ወንድሞችዎ ቢያንገራግሩ የቀብዱን ታሪክ ያንብቡላቸው።

እናትዎን በሚመለከት ጸሐፊው ልማድ ሆኖበት «ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ወራሾች ናቸው» ብሎ እንዳይጽፍ ይጠንቀቁ። ኑዛዜ ከሌለ በሕጋችን የትዳር ጓደኛ ወራሽ አይደለም፤ ነገር ግን ከጋራ ንብረቱ ግማሹ ከመጀመሪያውም የእናትዎ ስለሆነ ወደ ውርሱ አይገባም። ልጆች የሚካፈሉት የአባትዎን ግማሽ ነው። ይህን ለእናትዎ ቀስ ብለው ያስረዷቸው፤ ስማቸው ከወራሾች መካከል አለመኖሩን ከሌላ ሰው አፍ ከሰሙ ልጆቼ ካዱኝ ብለው ያዝናሉ።

ኑዛዜ አለ የሚል ሰው ከመጣ አይደንግጡ፣ ወረቀቱን ግን ይመርምሩ። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበቡ፣ ይህም መፈጸሙና ቀኑ በራሱ በኑዛዜው ላይ መጻፉ ግድ ነው፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል የሚያዋውል ሹም ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ይህ የጎደለው ወረቀት ብዙ ሰው አስፈራርቷል።

የወራሽነት ማስረጃ ወራሽ መሆንን ያሳያል እንጂ ንብረት አያካፍልም፤ መካፈል ካልተስማማችሁ ራሱን የቻለ ክርክር ነው። የገጠሩ መሬት ደግሞ የመጠቀም መብት ስለሆነ በክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 ይመራል፤ እንደ ከተማው ቤት እኩል ይቆረሳል ብለው ሳይደመድሙ የወረዳውን የመሬት ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።

ችሎት ሲገቡ አጭር ይመልሱ። ምስክሮችዎን በዓል በሆነ ቀን አይጥሯቸው፤ መንዝ ውስጥ በሚካኤል ወይም በማርያም ቀን ሽማግሌ ከቤተ ክርስቲያን ነጥሎ ማምጣት አይሞከርም። ፍርድ ቤቶች የክረምት ዕረፍት ስላላቸው ወደ ነሐሴ እንዳይጠጋብዎ ቀድመው ይክፈቱ።

ውሳኔው ሲሰጥ ከመዝገብ ቤት ሳይወጡ የእያንዳንዱን ወራሽ ስም ከመታወቂያው ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩ፤ ስህተት ካለ እዚያው እንዲታረም ያመልክቱ። ከዚያም ማኅተም ያረፈበት ግልባጭ ከአንድ በላይ ያውጡ፤ ማዘጋጃ ቤቱ፣ የመሬት ጽሕፈት ቤቱና ባንኩ ለየራሳቸው አንድ አንድ ማስቀረት ይፈልጋሉ፤ ለወንድምዎ ልጆች እናትም አንድ ይስጧት።