ለመስጊድ የተከራየው የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ከባለቤቴ ጋር ካናዳ፣ አልበርታ ውስጥ አንዲት ትንሽ ከተማ ከገባን 8 ወር ሆነን። እሱ ሥጋ ፋብሪካ ይሠራል፤ እኔ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳለሁ። ሁለታችንም የኮምቦልቻ ልጆች ነን፤ ሙስሊሞች ነን። አብራኝ የምትሠራ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ «ስለ እናንተ የተሠራ ድራማ አለ፤ መስጊዱ ያለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ በሳቅ ትሞቻለሽ» አለችኝ። እኔ ግን ፈራሁ። እምነታችን ላይ የሚሳቅ ከሆነ ማየት አልፈልግም። ደግሞ እውነቱን ልንገርዎት። እዚህ አገር ሰው ሁሉ ፈገግ ይላል፤ የሚጠጋን ግን የለም። ድራማ ላይ ሰው ሲዋደድ ባይ ይብስብኛል ብዬ ነው። ልየው ወይስ ይቅርብኝ?
(የኮምቦልቻዋ)

መልስ፦ እይው፣ እህቴ። መልሴ ይኸው ነው። የቀረው ወሬ ነው። ወሬው ግን ትንሽ ይረዝማል፤ ምክንያቱም ይህን ድራማ እኔም ያየሁት እንዳንቺው ባይተዋር ሆኜ ነው።

ስሙ «ሊትል ሞስክ ኦን ዘ ፕሬሪ» ይባላል። የሜዳዋ ትንሽ መስጊድ እንደማለት ነው። የካናዳው ሲቢሲ ቴሌቪዥን የመጀመሪያውን ክፍል ያሳየው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 9 ቀን 2007 ነበር። በእኛ ጥር 1 ቀን 1999 መሆኑ ነው፤ ገና በዋለ በሁለት ቀኑ። ቀኑን የማልረሳው ለዚህ ነው። ያኔ ሳስካችዋን በሚባል የካናዳ ክፍለ ሀገር፣ አንዲት የስንዴ አገር ከተማ፣ የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ሳህን አጣቢ ነበርኩ። የገናን ዶሮ ብቻዬን ሠርቼ፣ ብቻዬን በልቼ፣ የተረፈውን ፍሪጅ ውስጥ ትቼ ነው ሥራ የገባሁት።

ማታ አሮጊቶቹ ሳሎን ተሰብስበው ሲስቁ ሰማሁ። እርጥብ ሽርጤን እንዳሸረጥኩ በሩ ላይ ቆምኩ። ቴሌቪዥኑ ላይ ሒጃብ የለበሱ ሴቶች አየሁና ሆዴ ፈራ። እነዚህ ሴትዮዎች በምን እየሳቁ ይሆን? ደሴ አድጌ በሙስሊም ሲሳቅ ቆሜ ማየት አልችልም። ኋላ ሳስተውል የሚስቁት በራሳቸው ሰው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መርሲ የምትባል ከተማ አለች። ምሕረት ማለት ነው። ካርታ ላይ አትፈልጊያት፤ የፈጠራ ናት። ከፊሉን የቀረጹት ግን ኢንዲያን ሄድ በምትባል እውነተኛ የሳስካችዋን ከተማ ነው። ያሲር የሚባል የሕንፃ ተቋራጭ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ ለቢሮ ብሎ ይከራያል። የከተማው ሙስሊሞች ደግሞ እዚያው ይሰግዱበታል። አንድ ገበሬ ሳያስበው ገባ ሲል ሰው ሁሉ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ያያል። ከዚያ በኋላ አሸባሪ አገኘሁ ብሎ ስልክ ፍለጋ ሩጫ ነው። አሮጊቶቹ የሚስቁት በዚያ ገበሬ ነበር። አንዷማ «ይሄ የወንድሜ ልጅ ነው» እያለች ጉልበቷን ትመታለች።

ከዚያ ባበር መጣ። ባበር የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ እውነተኛው ኢማም እስኪመጣ ድረስ የሚያሰግደውም እሱ ነው። ጠላት ጓዳችሁ ገብቷል ብሎ ይሰብካል። ጠላቱ ማን መሰለሽ? ከረሜላ! ወይን ጋም የሚባል ከረሜላ አለ፤ ስሙ ውስጥ ወይን አለበት። ራይ የሚባለው ዳቦም ተጠርጣሪ ነው፤ ራይ የውስኪ ስም ነዋ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ በሳቅ ፈነዳሁ። በጾም የብስኩት ማሸጊያ እያገላበጡ «ወተት አለበት፣ የለበትም» እያሉ ሱቅ በር ላይ የሚሟገቱ አክስት ነበሩኝ። ባበር ማለት እሳቸው ናቸው። ጢም ብቻ ነው የጎደላቸው።

እምነታችን ላይ ይሳቃል ወይ ላልሽው፣ እኔ እንዳየሁት ሶላቱ ሲሰገድ ማንም አይስቅም። የሚሳቀው ከሶላቱ በፊት፣ በወንድና በሴት መሀል መጋረጃ ይዘርጋ አይዘርጋ ብለው ሲጣሉ ነው። ሒጃቧን አጥብቃ የምታስረው ዶክተሯ ራያን ናት መጋረጃውን አልፈልግም የምትለው። ድራማውን የፈጠረችው ዛርቃ ናዋዝም ሙስሊም ናት። ሊቨርፑል ተወልዳ፣ ቶሮንቶ አድጋ፣ ከዚያ ሳስካችዋን፣ ሬጃይና ገብታ የኖረች። የውስጡን ጭቅጭቅ የምታውቀው ሰምታ ሳይሆን ኖራበት ነው። በውጭ ሰው እጅ ቢሠራ ኖሮ መጀመሪያ የምናደደው እኔ ነበርኩ።

ጊዜውንም አስቢ። ድራማው በጀመረበት በዚያው ወር ኩቤክ ውስጥ ኤሩቪል የምትባል ከተማ አንድ ደንብ አወጣች። ሴት በድንጋይ መውገር ክልክል ነው፣ በእሳት ማቃጠልም ክልክል ነው የሚል። የከተማው ሕዝብ 1,300 ገደማ ነበር፤ ስደተኛ የለም ማለት ይቻላል። ማንን እንደሚከለክሉ እነሱም አያውቁም! እኛ ሰፈር ወሬው በሬዲዮ ሲመጣ ወጥ ቤት ውስጥ ሁሉም ዝም አለ። እኔን ላለማየት ሁሉም ሥራ በዛበት። ማታ ማታ ግን ያን ድራማ አብረን እናያለን። የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው አይቶታል፤ ለካናዳ ብዙ ነው።

አሁን ወደ አንገብጋቢው ልምጣ። «የሚጠጋን የለም» ላልሽው።

ቄሱን ሬቨረንድ ማጊን ስታይው ልብ በይ። ደግ ሰው ነው። ግን ሙስሊሞቹን ያስገባው ደግነቱ ብቻ አይደለም። ምእመኑ ጥቂት ነው፤ ሕንፃው ደግሞ ኪራዩን ይፈልጋል። መጀመሪያ ኪራይ ነው ያገናኛቸው። ወዳጅነቱ የመጣው በኋላ ነው፤ ሲጨቃጨቁ፣ ቁልፍ ሲቀባበሉ፣ ሻይ ሲጠጡ። ይህን ሳይ እኔ የት እንደተሳሳትኩ ገባኝ። ዓመት ሙሉ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሰው እስኪጠራኝ እጠብቅ ነበር። በእኛ አገር አዲስ ጎረቤት ሲገባ እንጀራና ወጥ ተይዞ ይሄዳል። እዚያ ደግሞ ሰውን አለመረበሽ ነው ጨዋነት። እኔ እነሱን ኩሩ እላለሁ፤ እነሱ እኔን ዝምተኛ ይሉኛል።

እኔን ያወጣኝ ድንች ነው። መከር ሲገባ ፋውል ሰፐር የሚሉት የከተማ ድግስ አላቸው። ትኬት ተቆርጦ ይበላል፤ ተርኪ፣ የተፈጨ ድንች፣ በጎመን የተጠቀለለ ሩዝ፣ የዱባ ፓይ። የሥራ ባልደረባዬ «እጅ አጥሮናል፣ ቢላ መያዝ ትችያለሽ?» አለችኝ። ከየት መጣሽ አላለችኝም። ቢላ መያዝ ትችያለሽ ነው ያለችኝ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ድንች ላጥኩ። ከጎኔ የነበሩት ሴትዮ ስለ ባላቸው ጉልበት ሕመም፣ ስለ ስንዴ ዋጋ፣ ስለ ምራታቸው ንፉግነት ሁሉንም ነገሩኝ። ፊት ለፊት ስትቀመጪ የማይወጣ ወሬ፣ ጎን ለጎን ሆነሽ ስትልጪ ይወጣል። በሚቀጥለው ዓመት ድፎ ዳቦ ጋግሬ ሄድኩ። በኮባ ፋንታ በወረቀት ነበር የጋገርኩት፤ የእናቴ ነፍስ ይቅር ይበለኝ።

ቤተ ክርስቲያኑ አልመቸኝም ካልሽ የከተማው ቤተ መጻሕፍት አለ፤ የኸርሊንግ ሜዳው ካንቲን አለ። ኧረ ከርሊንግ ነው፤ 9 ዓመት ኖሬበት ዛሬም ስሙ ያምታታኛል። በረዶ ላይ ድንጋይ እያንሸራተቱ ፊት ፊቱን የሚጠርጉበት ጨዋታ ነው። ዋናው ነገር የሚያስፈልግሽን መጠየቅ ነው። መጋገሪያ አበድሩኝ በይ። መኪናው ከዜሮ በታች በ35 ዲግሪ ብርድ እንዴት እንደሚሰካ አሳዩኝ በይ። እዚያ አገር መኪና ሞተሩ በብርድ እንዳይደርቅ እንደ ስልክ ሌሊት ሶኬት ላይ ተሰክቶ ነው የሚያድረው፤ ይህን ያስተማረኝ ጎረቤቴ ከዚያ ቀን በኋላ በየማታው ገመዴን በመስኮት ያይልኝ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ደብዳቤሽን ሁለተኛ ሳነበው ታየኝ። የሚጠጋን የለም ትያለሽ። ያቺ አሮጊት «በሳቅ ትሞቻለሽ» ያለችሽ ምን ማለቷ ይመስልሻል? ፈረንጅ «ነይ አብረን እንየው» ማለት ሲያፍር እንዲህ ነው የሚለው። ጀበናሽ አብሮሽ ተሻግሮ እንደሆነ ቡና አፍዪና ጥሪያት። እያንዳንዱ ክፍል 20 ደቂቃ ቢያልፍ ትንሽ ነው። አቦሉን በአንደኛው፣ ቶናውን በሁለተኛው፣ በረካውን በሦስተኛው።

ጥያቄ፦ ባለፈው ጊዜ በጨረፍታ የጠቀሱትን የካናዳ ድራማ ልጄ አገኘልኝ። 91 ክፍል ነው ይለኛል። እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ ዓይኔም ደክሟል። ሁሉንም ማየት አለብኝ? ከልጅ ልጆቼ ጋርስ ይታያል ወይስ አንገት ያስደፋል?
(አባት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጋሼ፣ አንገት አያስደፋም። ኢማሙ አማር እና ዶክተሯ ራያን የሚዋደዱት በዓይንና በክርክር ነው። የልጅ ልጆችዎ «መቼ ነው የሚጋቡት?» እያሉ ያስቸግሩዎት ይሆናል እንጂ እርስዎ ሪሞት ፍለጋ አይደናገጡም።

91 ክፍል ማየት የለብዎትም። የመጀመሪያው ምዕራፍ 8 ክፍል ብቻ ነው፤ ሸጋ ነው። አማር ቶሮንቶ ላይ ጥብቅና ትቶ ኢማም ሊሆን ሲመጣ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ከእናቱ ጋር በስልክ ሲያወራ ያዩታል። ጥብቅናውን መተው ራስን ማጥፋት ነው የሚል ነገር ያወራሉ። ከኋላው የቆመችው ሴት የምትሰማው ግማሹን ነው። ፖሊስ መጣ። ወሬ በግማሽ የሚሰማ ሰው ምን እንደሚያደርስ እኛ አገርም እናውቀዋለን።

እኔ በጣም የምወዳት ፋጡማን ነው፤ ፈረንጆቹ ፋቲማ ይሏታል። ናይጄሪያዊት ናት፤ ካፌ አላት። ፍሬድ ተፐር የሚባለው የሬዲዮ ሰውዬ ቀኑን ሙሉ በሬዲዮ ሙስሊሞችን ሲያብጠለጥል ይውልና ምሳውን የሚበላው እሷ ጋ ነው። አፉ ይሰድባል፣ ሆዱ ግን ደንበኛ ነው። መሀል ላይ ግን ድራማው ይላላል፤ ሁሉም ሰው ከመጠን በላይ ደግ ይሆናል። በ4ኛው ምዕራፍ ሙስሊሞቹን ከአዳራሹ ሊያስወጣ የሚፈልግ ወጣት ቄስ ይመጣል። መጀመሪያ ማጊን ለምን ወሰዱብን ብዬ ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው ቅመም የጨመረው እሱ ነው። ዓይንዎ ከደከመ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዘለው ወደ አራተኛው ይሂዱ። ማንም አይከስዎትም።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያለ ነገር በእውነቱ ዓለም አለ? ወይስ የቴሌቪዥን ምኞት ነው?
(ተማሪ፣ ከደሴ)

መልስ፦ አንተ ከደሴ ሆነህ ነው ይህን የምትጠይቀኝ? ሰርግ ቤት ሄደህ አታውቅም? የእስላም ሥጋ ለብቻ፣ የክርስቲያን ሥጋ ለብቻ ይታረድ የለም እንዴ? ድስቱ ሁለት ነው፤ ሙሽራዋ አንድ ናት። ሐረጎን ወርደህ ኮምቦልቻ ብትጠይቅም ያው ነው።

የካናዳውን ከፈለግህ ግን ሁለት ልንገርህ። በካናዳ የመጀመሪያው መስጊድ ኤድመንተን ውስጥ በ1938 እ.ኤ.አ. የተከፈተው አል ራሺድ ነው። ገንዘቡን ለማሰባሰብ ሒልዊ ሐምዶን የምትባል ሴት ከሱቅ ሱቅ ዞራለች፤ ክርስቲያኑም አይሁዱም ሰጥቷል። የሠራው ተቋራጭ የዩክሬን ዝርያ ያለው ሰው ነበር። መስጊድ አይቶ አያውቅም። ስለዚህ የሚያውቀውን ሠራ። ሕንፃው ዛሬም በከተማው የታሪክ ፓርክ ውስጥ አለ፤ ሲያዩት የዩክሬን ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ይመስላል።

ሁለተኛው ኢኑቪክ ነው። ከአርክቲክ ክበብ በላይ ያለች፣ በክረምት ወር ያህል ፀሐይ የማይወጣባት ከተማ። የእስኪሞ የበረዶ ጎጆ የሚመስል የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አላት። ሙስሊሞቹ 100 ገደማ ነበሩ፤ ብዙዎቹ ታክሲ ነጂዎች፣ ከሱዳንም ከሌላም አገር የመጡ። የሚሰግዱት በአንዲት ጠባብ ተጎታች ቤት ውስጥ ነበር። እዚያ መስጊድ መገንባት ውድ ሆነባቸው። ስለዚህ በ2010 እ.ኤ.አ. ዊኒፔግ ላይ ተሠራና በከባድ መኪና፣ ከዚያም በጀልባ ተጭኖ 4,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጓዘ። ወንዙ በረዶ ከመሆኑ በፊት የመጨረሻውን ጀልባ መድረስ ነበረበት። ደረሰ። ያን ቀን የከተማው ሰው፣ ሙስሊሙም ያልሆነውም፣ ወንዙ ዳር ወጥቶ በውኃ ላይ የሚመጣ መስጊድ ቆሞ ያይ ነበር።