ሳጥን፣ ባለጭረት ፊደል ወይስ ጥያቄ ምልክት?

ጥያቄው ባጭሩ፦ በአውትሉክ የተጻፈ የአማርኛ ኢሜይል መሥሪያ ቤት ውስጥ ላሉት ደህና ይደርሳል። ውጭ ላሉት ግን ከሰላምታው እስከ ፊርማው ጥያቄ ምልክት ነው። አንድ ባለሙያ ፎንት ጫነ፣ ተቀባዮችም እንዲጭኑ ተነገራቸው፣ ለውጥ የለም።

ሊኖርም አይችልም። ፎንት ሲጎድል የሚታየው ባዶ ሳጥን ነው። ጥያቄ ምልክት ከሆነ ፊደሉ ገና ሲላክ ተጥሏል። ውስጥ ለውስጥ ደህና ሆኖ ወደ ውጭ ሲወጣ የሚበላሽ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የምጠረጥረው የወጪ መልእክት ኢንኮዲንግን፣ ማለትም ፊደልን በቁጥር የሚተካውን ሰንጠረዥ ነው፤ አንድ ሰው ነካክቶት የግዕዝ ፊደል የሌለው «ዌስተርን ዩሮፒያን» ላይ ቀርቷል።

ማስጠንቀቂያ፦ ዋናውን ጽሑፍ ከተላኩት ሳጥን አያጥፉ። ጥያቄ ምልክት የሆነ ፊደል አይመለስም።

በነባሩ አውትሉክ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ ይግቡና ወደ ታች «ኢንተርናሽናል ኦፕሽንስ» ጋ ይውረዱ። በራሱ እንዲመርጥ የሚያደርገውን ምልክት ያንሱ፤ ለወጪ መልእክት የግዕዝንም ፊደል የሚይዘውን «ዩኒኮድ (ዩቲኤፍ-8)» ይምረጡ። አውትሉክን ዘግተው ይክፈቱና ውጭ ወዳለ የራስዎ አድራሻ አዲስ መልእክት ይላኩ። የተበላሸውን መልሶ ማስተላለፍ ሙከራ አይደለም።

የባለጭረት ፊደልንና የጥያቄ ምልክትን ልዩነት ለማወቅ አንዲት ፊደል ትበቃለች። «ሰ» በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት (ሦስት ቁጥር) ናት፦ 225፣ 136፣ 176። ተቀባዩ ፕሮግራም በዊንዶውስ-1252 (ያው «ዌስተርን ዩሮፒያን») ካነበባት ጭረት ያላት የላቲን «ኤ» (á)፣ ትንሽ ጣሪያ መሰል ምልክትና የዲግሪ ክብ ሆና ትታያለች። የተለመዱት የአማርኛ ፊደላት ሁሉ በ225 ስለሚጀምሩ ገጹ በባለጭረት «ኤ» ይሞላል። ይህ መልክ ሲያዩት ያስደነግጣል እንጂ ባይቱ እንዳለ ነው፤ ተንደርበርድ በተባለው የኢሜይል ፕሮግራም «ቪው» ሥር ያለው «ሪፔር ቴክስት ኢንኮዲንግ» አብዛኛውን ጊዜ ያስተካክለዋል። ላኪው ራሱ ወደ 1252 ከለወጣት ግን እዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ ለ«ሰ» ቦታ ስለሌላት በምትኳ 63 ይገባል፤ 63 ማለት ጥያቄ ምልክት ነው። «ሰላም» ሦስት 63 ሆኖ ሲወጣ የትኛው «ሰ» የትኛው «ላ» እንደነበር የሚነግር ነገር የለም። ስለዚህ እደግመዋለሁ፦ ዋናውን አያጥፉ።

ከዩኒኮድ በፊት የነበሩትን፣ የላቲን ኮድ ላይ የግዕዝ መልክ የለጠፉ ፎንቶች ዛሬም ለኢሜይል የሚጠቀም አለ። በእነሱ የተጻፈ ነገር ያንኑ ፎንት ለሌለው ሰው ዝባዝንኬ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለዚህ ሰበብ የለም። ተቀባይን «ፎንት ጫን» ማለትም ሥራን በእንግዳ ትከሻ መጫን ነው። ጽሑፉን ፎቶ አንስቶ መላክም ያው ነው፤ አይፈለግ፣ አይቀዳ። የፊደሉ ቅርጽ የግድ እንዳለ መታየት ካለበት ፎንቱ የተካተተበት ፒዲኤፍ ያያይዙ።

ሳጥን ብቻ ለሚያይ ተቀባይ ዊንዶውስ 10 ውስጥ ያለው ኤብሪማ የተባለ ፎንት ይበቃል፤ ሌላ ቦታ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ።

ቅንብሩ ተስተካክሎም ጥያቄ ምልክቱ ካልጠፋ ጣጣው ሰርቨሩ ላይ ነው። አስተዳዳሪው በኤክስቼንጅ (የማይክሮሶፍት የኢሜይል ሰርቨር) «ሪሞት ዶሜይን» ላይ ወደ ውጭ ለሚሄድ መልእክት የተመረጠውን ካራክተር ሴት፣ ማለትም ኢንኮዲንግ፣ ይይ።