ሴሬብራል ፓልሲ ላለባቸው ልጆች እናቶች፦ ጠይቃችሁኛል፣ ልመልስ

ሐዋሳ ውስጥ የሕፃናት ፊዚዮቴራፒ (በእንቅስቃሴ የሚሰጥ ሕክምና) እሠራለሁ። ሴሬብራል ፓልሲ ማለት አንጎል ገና በማደግ ላይ ሳለ ተጎድቶ የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ነው። ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከመጡት ጥያቄዎች እነሆ።

ጥያቄ፦ ልጄ 7 ወሩ ነው፣ አንገቱን አልያዘም። ጎረቤቶቼ «ወንድ ልጅ ይዘገያል» ይሉኛል። ልጠብቅ?

መልስ፦ አትጠብቂ እህቴ። በ4 ወሩ አንገቱን ያልያዘ ሕፃን መታየት አለበት። ገና ዓመት ሳይሞላው በአንድ እጁ ብቻ የሚጠቀምም እንደዚያው። ሲወለድ ወዲያው አላለቀሰ እንደሆነ፣ ያለ ቀኑ ተወልዶ ወይም በጣም ቢጫ ሆኖ ከነበረ ለሐኪሙ ንገሪው። የፊዚዮቴራፒ እንቅስቃሴውን ለመጀመር ደግሞ የበሽታው ስም እስኪጻፍ አትጠብቂ።

ጥያቄ፦ የሚያድነው መርፌ አለ?

መልስ፦ የተጎዳው የአንጎል ክፍል አይመለስም። ጉዳቱ ግን እየሰፋ አይሄድም። ካልተሠራበት የሚብሰው ጡንቻው ነው፤ እያጠረ መገጣጠሚያውን ያጣምማል። ቦቶክስ የሚባለው መርፌ የገተረውን ጡንቻ ለ3 ወር ገደማ ያላላል፤ በዚያ ጊዜ በደንብ ካልተሠራ ግን ብሩ ባከነ ማለት ነው። «አንጎል ያድሳል» ተብሎ ለሚሸጥ ሽሮፕ ደግሞ ገንዘብሽን አታውጪ።

ጥያቄ፦ ሲበላ ትን ይለዋል። በየጊዜው የሳንባ ምች ይይዘዋል።

መልስ፦ ሁለቱ የተያያዙ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ምግቡ ወደ ሳንባ እየገባ ሊሆን ይችላል። በቅርቡ ከይርጋለም የመጣች እናት ልጇን ጭኗ ላይ በጀርባው አስተኝታ ወተት በኩባያ ስታጠጣው አየሁ። ያስለዋል፣ ዓይኑ እንባ ያቀራል፣ ወተቱ በአንገቱ ይወርዳል። ቀና አድርገን አስቀመጥነው። ጭንቅላቱን በክንዷ ደግፋ አገጩን ወደ ደረቱ ዝቅ አደረገችው። ወፈር ያለ፣ ጓጎል የሌለው የቡላ ገንፎ በትንሽ ማንኪያ ሰጠችው። መዋጡን ሳታይ ሁለተኛውን አላጎረሰችውም። አንዴም አልሳለም! እሷ ግን አለቀሰች። አንቺም እንደዚሁ አድርጊ። ቅቤ ወይም እንቁላል ጨምሪበት፤ ብዙዎቹ ክብደት አይጨምሩም። ከበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቀና ብሎ ይቆይ። እንዲህም ተደርጎ ትን ካለው ለሐኪም አሳዪው።

ጥያቄ፦ ያንቀጠቅጠዋል። ጠበል ልወስደው ነው፤ መድኃኒቱን ላቁም?

መልስ፦ ጠበሉንም ውሰጂው፣ መድኃኒቱንም በሰዓቱ ስጪው። በድንገት ከተቋረጠ ማንቀጥቀጡ ብሶ ሊመጣና ሕይወቱን ሊያሳጣ ይችላል። 5 ደቂቃ ካለፈው ባጃጅም ይሁን ታክሲ ያዢና ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጪ።

ጥያቄ፦ አያቱ ነኝ። ልዘለው ወይስ ይጎዳዋል?

መልስ፦ ይዘሉት እማማ! እግሩ እንደ መቀስ ለሚጣመር ልጅ ጭኑ ተከፍቶ መታዘሉ ጥሩ ነው። አንገቱን ካልያዘ አንቀልባው ጭንቅላቱን ይደግፍ።

ጥያቄ፦ በሳምንት ሦስቴ ልመላለስ አልችልም። የትራንስፖርቱ ብር ከየት ይመጣል?

መልስ፦ አውቃለሁ፣ ከባድ ነው። ግን እኔ ጋ የሚቆየው ግማሽ ሰዓት ነው፣ አንቺ ጋ ቀኑን ሙሉ። ልብሱን ስትቀይሪ ቁርጭምጭሚቱን፣ የእግሩን መዳፍ ወደ ላይ እያጠፍሽ፣ ቀስ ብለሽ ሳቢለት። ሲተኛ በጉልበቶቹ መሃል ጋቢ ጠቅልለሽ አድርጊ። ጠንካራ ካርቶን ቆርጠሽ ጥግ ላይ የሚደገፍበት ወንበር ሥሪለት። በወር አንዴ ስትመጪ የቤቱን አሠራር በስልክሽ ቀድተሽ አምጪ፣ አብረን እናርመዋለን። መራመድ ካልጀመረ የዳሌው ራጅ ቢያንስ በዓመት አንዴ ይታይ፤ ዳሌ ሳያሳምም ሊወልቅ ይችላል።