ዴልህን ወደ 4 ጊጋኸርዝ ከመግፋትህ በፊት

ጥያቄው የመጣው ጎንደር ማራኪ አካባቢ ፎቶ ቤት ካለው ወጣት ነው። «ጋሼ፣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 790 አለኝ። ኮር አይ 5-2400፣ ራሙ 4 ጊጋ፣ ሃርድዲስኩም የድሮው ነው። ጥር ሲመጣ ሰርጉ ይደራረባል፤ ቪዲዮ ኤክስፖርት ላይ ማሽኑ ያሳብደኛል። ይህንኑ ፕሮሰሰር ኦቨርክሎክ ሲያደርጉት (ከተሠራለት ፍጥነት በላይ ሲገፉት) በቪዲዮ አይቻለሁ። የእኔ ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ ግን ቦታውን አጣሁት። የት ነው?» ይላል።

የለም ወንድሜ። ተደብቆብህ አይደለም፤ ከነአካቴው የለም።

የፕሮሰሰርህ ፍጥነት የሁለት ቁጥሮች ብዜት ነው። መነሻው 100 ሜጋኸርዝ፣ ማባዣው 31፤ 3.1 ጊጋኸርዝ ይሆናል። ማባዣው እንደልብ የሚለቀቀው ስማቸው መጨረሻ ላይ «ኬ» ላላቸው ነው፤ እንደ 2500ኬ ማለት ነው። በቪዲዮ ያየኸው ፒ67 ወይም ዜድ68 ቺፕሴት ያለው ማዘርቦርድ ሳይሆን አይቀርም። እዚያ ላይ ያንተም ፕሮሰሰር እስከ 3.8 ይፈቀድለታል። ያንተ ማዘርቦርድ ግን ኪው65 ነው፤ ለቢሮ ሥራ የተሠራ፣ የተቆለፈ።

«መነሻውን 100ስ በሶፍትዌር ብገፋው?» እንደምትል አውቃለሁ። በዚህ ትውልድ ያ ሰዓት ለፕሮሰሰሩ ብቻ አይደለም፤ ዲስኩም ዩኤስቢውም በእሱ ነው የሚሄዱት። 103 ብታደርሰው የምታገኘው 3 በመቶ ጭማሪ ብቻ ነው። ከዚያ ካለፍክ ዲስኩ መሳሳት ሊጀምር ይችላል። ሙሽሮቹ ኬክ ሲቆርሱ የቀረጽከው ፋይል ቢበላሽ ለሙሽሪት እናት ምን ትላታለህ?

ይልቅ ያለህን ፍጥነት በትክክል እያገኘህ ነው ወይ? ኤክስፖርት እያደረግክ ፍጥነቱን የሚያሳየውን ሲፒዩ-ዚ ፕሮግራም ክፈት፣ ሙቀቱንም በኤችደብሊው-ሞኒተር እይ። አራቱም ኮር ሲሠሩ ፕሮሰሰሩ በራሱ ትንሽ ስለሚጨምር (ቱርቦ ይባላል) 3.2 አካባቢ መቆም አለበት። ሙቀቱ ወደ 95 ዲግሪ ተጠግቶ ፍጥነቱ እየወረደ ከሆነ ጠላትህ ሙቀት ነው። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል ፋኑ የሚያወጣው ሙቀት ከቆላው ያንሳል። ብርዱ ያካክሰው ነበር፣ አቧራው ባይኖር።

በቅርቡ ከአዘዞ የመጣ ተመሳሳይ ማሽን ከፍቼ ነበር። በሂትሲንኩ (ፕሮሰሰሩን የሚያቀዘቅዘው ብረት) ቆርቆሮዎች መካከል አቧራው እንደ ጋቢ ተደርቦ በጣቴ ተላጠ። ከሥሩ ያለው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ደርቆ እንደ ግድግዳ ቀለም ይፈረፈራል። ባለቤቱ ደግሞ አዲስ ፕሮሰሰር ሊገዛ ብር ይዞ ነው የመጣው!

አንተም ፔስቱ እንዲለሰልስ ማሽኑን ትንሽ አሠራውና አጥፋ፣ ገመዱንም ንቀል። አራቱን ብሎኖች በየተራ በሰያፍ አላላ። ሂትሲንኩን ወደ ላይ አትጎትት፤ ግራ ቀኝ እያዞርክ አላቅ። የድሮውን ፔስት በአልኮል ጥረግና አዲሱን የምስር ፍሬ የምታክል አድርግ። እንደ ቅቤ አትቀባው! በብሎወር ስትነፋ ፋኑን በጣትህ ያዘው፤ ያለዚያ ከልክ በላይ ይሽከረከራል።

ብር ካለህ መጀመሪያ በሃርድዲስኩ ፋንታ ፈጣኑን ዲስክ፣ ኤስኤስዲ ግዛ። ከዚያ ራሙን በጥንድ በጥንድ አድርገህ ቢያንስ 8 ጊጋ አድርሰው። ገበያ ላይ የሰርቨር ራም በርካሽ ሊያቀርቡልህ ይችላሉ፤ ያንተ ማሽን አይቀበለውም፣ አትሸወድ። ፕሮሰሰር መቀየር ካማረህ አይ 7-2600 ልክህ ነው። አራት ኮር፣ ስምንት ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር)፣ እስከ 3.8 ጊጋኸርዝ፤ እንደ ያንተው 95 ዋት ስለሆነ ያለው ሂትሲንክ ይበቃዋል። አይ 7-3770 ግን አትግዛ። ሶኬቱ ያው 1155 ነው፣ ይገባል፤ 790 ላይ ግን አይነሳም።

አንድ ነገር ሳትነግረኝ ቀርተሃል፤ በ4ኬ ነው የምትቀርጸው? ከሆነ ምንም ብታደርገው ይህ ፕሮሰሰር ይንገዳገዳል። በተለይ ካሜራህ የሚቀርጸው በኤች 265 (ቪዲዮውን አጥብቆ የሚጨምቅ ፎርማት) ከሆነ የሚያግዘው ሃርድዌር ውስጡ የለም። ደንበኛው ካልጠየቀህ በፉል ኤችዲ ቅረጽ፤ ከጠየቀህ ኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ፕሪሚየር ላይ ፕሮክሲ (ቀለል ያለ የቪዲዮው ቅጂ) ሥራና በዚያ ቀላል ፋይል ኤዲት አድርግ።

አይ 7ቱን ከመግዛትህ በፊት ግን ኤክስፖርት ላይ ስንት ዲግሪ እንዳየህ ጻፍልኝ።