ታጣፊ ካተር ሲገዙና ሲጠቀሙ ምን ማየት ይገባል? ለቀረበው ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጠያቂው ያነሡት ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ ምላጩ የሚቀየር፣ በኪስ የሚያዝ ትንሽ ታጣፊ ካተር ለመግዛት አስበዋል፤ ሲገዙ ምን መመልከት እንዳለባቸው፣ ምላጩ እየተሰበረ ወደ ፊት ከሚገፋው ከተለመደው ካተር ይሻል እንደሆነ፣ ምላጩንም በየስንት ጊዜው መቀየር እንደሚገባ ማወቅ ይፈልጋሉ። ሥራቸው በአብዛኛው ካርቶን መክፈትና ገመድ መቁረጥ ሲሆን፣ አልፎ አልፎ ጂፕሰም ቦርድም እንደሚቆርጡ ገልጸዋል። ይህን ዓይነት ካተር በዕቃ ማከማቻም በቤት ውስጥ የማጠናቀቂያ ሥራም ለዓመታት ስለተጠቀምኩበት፣ የማውቀውን ዘርዘር አድርጌ እጽፋለሁ።

በእኔ እምነት ከሁሉ አስቀድሞ መመርመር ያለበት ምላጩ የሚገባበት አፍ ነው። በእነዚህ ካተሮች የሚገባው ምላጭ ትራፔዚየም ቅርጽ ያለው፣ የተሳለው ጠርዙ ከጀርባው የረዘመ ቀጭን ብረት ሲሆን፣ በብዛት የሚገኘው ዓይነት ወደ 61 ሚሊሜትር ርዝመት፣ ወደ 19 ሚሊሜትር ስፋትና 0.6 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት አለው። በጀርባው ላይ የሚታዩት ትንንሽ ስርጉዶች ለጌጥ የተሠሩ አይደሉም፤ በካተሩ አፍ ውስጥ ያለች አነስተኛ ጥርስ ከአንደኛው ስርጉድ ጋር ትገጥምና ምላጩ ወደ ፊትም ሆነ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ትይዘዋለች። ጥርሷ በደንብ ካልገጠመች፣ ወይም አፉ ከምላጩ ውፍረት የሰፋ ከሆነ፣ ምላጩ ወደ ጎን ይወላገዳል፤ የሚወላገድ ምላጭ ደግሞ የታሰበውን መስመር ይስታል፣ ጠንከር ያለ ነገር ሲገጥመውም ቶሎ ይሰበራል። ስለዚህ ካተሩን ከፍተው ከቆለፉ በኋላ የምላጩን ጠፍጣፋ ጎኖች ወፈር ባለ ጨርቅ ይያዙና በቀስታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያንቀሳቅሱት። ጥቂት መነቃነቅ በአብዛኞቹ ላይ አይጠፋም፤ በዓይን የሚታይ ከሆነ ግን እንዲተዉት እመክራለሁ። ቀጥሎም ጣቶችዎን ምላጩ ከሚታጠፍበት መንገድ አርቀው፣ የምላጩን ጀርባ እንጨት ላይ አስደግፈው ጫን ይበሉ። በዚህ ጊዜ መቆለፊያው ከተንሸራተተ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ፣ ያንን ካተር ወደ ኪስዎ አያስገቡት።

ትንሽ መሆኑን በተመለከተ፣ ሰው ከሚገምተው በላይ ጥንቃቄ ያሻል። ካተሩ ሲዘጋ እጅግ አጥሮ ኪስ ውስጥ መጥፋቱ ሲገዙት ደስ ያሰኛል፤ ይሁን እንጂ አራቱ ጣቶች እጀታው ላይ ሙሉ በሙሉ ካላረፉ፣ ጠንካራ ነገር ሲቆርጡ ትንሿ ጣት ተንጠልጥላ ትቀራለች፣ ኃይሉም ሁሉ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ላይ ይወድቃል። ካርቶን ብቻ ለሚከፍት ሰው ይህ ብዙም አያስጨንቅም። ጂፕሰም ቦርድ ለሚቆርጥ እንደ እርስዎ ላለ ሰው ግን፣ ከሁለት አንዱን መምረጥ ካለብዎ፣ ትንሽ ረዘም ያለውን ይምረጡ። አንዳንድ በጣም ትንንሽ ካተሮች ደግሞ ለእነሱ ብቻ የተሠራ የተለየ ምላጭ ስለሚፈልጉ፣ ምላጩ ሲያልቅ ካተሩም አብሮ ያልቃል፤ መደበኛውን ምላጭ የማይቀበል ካተር በእኔ ዘንድ ከመጀመሪያውም ከምርጫ ውጭ ነው።

የመቆለፊያው ዓይነት ሌላው ቁም ነገር ነው። በብዛት የሚታየው በእጀታው ውስጥ ያለ ቀጭን የብረት ሞላ ካተሩ ሲከፈት ወደ ጎን ተፈናጥሮ ከምላጩ መያዣ በስተኋላ የሚቆምበት ነው፤ በዛሬው መልኩ ያዳበረውም ማይክል ዎከር የተባለው አሜሪካዊ ቢላ ሠሪ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ላይ ነው። ይህ ዓይነቱ በአንድ እጅ ለመዝጋት ይመቻል፤ ነገር ግን ሞላውን የሚገፋው አውራ ጣት ምላጩ በሚታጠፍበት መንገድ ላይ ስለሚሆን፣ መያዣው መታጠፍ እንደ ጀመረ ጣትን ማንሣት ልማድ ሊሆን ይገባል። ከእጀታው ጀርባ ላይ ተጭነው የሚለቁት ዓይነት ጣትን ከምላጩ ያርቃል፣ ዘገም ቢልም። ለጀማሪ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ምላጩን ለመቀየር አንዳንዱ ካተር ካቻቪቴ ይፈልጋል፣ አንዳንዱ ደግሞ አዝራር ተጭነው ምላጩን ስበው የሚያወጡበት ነው። አዝራር ያለው ይፈጥናል። ሆኖም ካተሩን ልክ እንደሚቆርጡበት አድርገው ጨብጠው፣ አዝራሩ ከየትኛው ጣትዎ ሥር እንደሚውል ይመልከቱ፤ አውራ ጣትዎን ለኃይል በሚያሳርፉበት ቦታ ላይ ከሆነ፣ ሥራ መሐል ሳያውቁት ተጭነውት ምላጩ ሊላቀቅ ይችላል። ይህን ጉድለት የእጀታው ፎቶግራፍ አያሳይም፤ በእጅ ካልያዙት በቀር አይታወቅም።

ምላጩ እየተሰበረ ከሚገፋው ካተር ጋር ማነጻጸሩ ተገቢ ነው። ያንን ሐሳብ ያመነጨው ጃፓናዊው ዮሺዮ ኦካዳ ሲሆን፣ ዘመኑም 1956 (እ.ኤ.አ.) ነበር። አነስተኛው ምላጭ 9 ሚሊሜትር፣ ተለቅ ያለውና የተለመደው 18 ሚሊሜትር ስፋት አለው። ቀጭን በመሆኑ ወረቀትንና የግድግዳ ወረቀትን በንጽሕና ይቆርጣል፣ ጫፉ ሲዶለዱም አንዷን ክፍል ሰብሮ መቀጠል ይቻላል፣ እንደ ስፖንጅ ላለ ወፍራምና ለስላሳ ነገርም ምላጩ ረዘም ብሎ መውጣቱ ይጠቅማል። ነገር ግን ለመሰበር ታስቦ የተሰመረ ምላጭ በጎን ኃይል ሲመጣበት ካልታሰበበት ቦታም ይሰበራል። ታጣፊው ካተር አጭርና ወፈር ያለ ምላጭ ስለሚይዝ ጫን ተብሎ ለሚሠራ ሥራ ይሻላል፣ ሲታጠፍም ስለቱ ሙሉ በሙሉ ስለሚሸፈን ለኪስ ይመቻል። እርስዎ ለዘረዘሯቸው ሥራዎች ታጣፊው ይበቃዎታል፤ የወረቀት ሥራ ካለብዎ ብቻ ባለ 9 ሚሊሜትሩን ይጨምሩበት።

ምላጭ በየስንት ጊዜው ይቀየር ለሚለው፣ የቀን ቁጥር ከመስጠት ይልቅ ምልክቱን መንገር ይሻላል። የማሸጊያ ፕላስተሩ ከመቆረጥ ይልቅ እየተሳበ ከሄደ፣ የካርቶኑ ጠርዝ ጠጉር እያወጣ ከተቦጫጨቀ፣ ወይም እጅዎ ከትናንቱ የበለጠ ኃይል እየጨመረ መሆኑ ከተሰማዎት፣ ጊዜው አልፏል። ሰው ምላጭን ለመቆጠብ ብሎ በዱልዱሙ ሲገፋ፣ የሚገፋበት ኃይል ምላጩ ድንገት ሲያልፍ የት እንደሚያርፍ ስለማይታወቅ፣ አዲስ ምላጭ ከአሮጌው ያነሰ አደጋ አለው ብዬ አምናለሁ። ካርቶን ለስላሳ ቢመስልም በውስጡ ማዕድንና ብናኝ ስላለበት ስለትን በፍጥነት ይበላል፤ ጂፕሰም ደግሞ ከዚያ ይብሳል። አብዛኛው ሥራ የሚሠራው በጫፉ ጥቂት ሚሊሜትሮች ስለሆነ፣ ምላጩን ከመጣልዎ በፊት አዙረው ሁለተኛውን ጫፍ ይጠቀሙበት፤ ይህን የማያውቁ ሰዎች ግማሹን ምላጭ ሳይነኩ ሲጥሉት አያለሁ።

የምላጩን ብረት በተመለከተ፣ ተራው የካርቦን ብረት ጥሩ ስለት ይይዛል፤ ሲጠመዘዝ ግን ይሰበራል፣ እርጥበት ሲያገኘውም ይዝጋል። ከሁለት ብረት የተሠራው፣ ጠርዙ ጠንካራ ብረት ሆኖ ጀርባው ተለማጭ በሆነ ብረት ላይ የተበየደው፣ ዋጋው ከፍ ቢልም እምብዛም አይሰበርም፤ ጂፕሰም ቦርድ ለሚቆርጥ ሰው ዋጋው ተገቢ ነው። በወርቃማ ቀለም የተለበጡትን ግን ስለ ቀለማቸው ብቻ ብለው አይግዙ። ምንጣፍ ለሚቆርጥ መንጠቆ ቅርጽ ያለው ምላጭ፣ ካርቶን ብቻ ለሚከፍት ደግሞ ጫፉ ሾጣጣ ሳይሆን የተድቦለቦለ ምላጭ አለ፤ የኋለኛው በካርቶኑ ውስጥ ያለውን ዕቃ ከመወጋት ያድናል።

አጠቃቀሙን ስንመለከት፣ ታጣፊ ካተር አብዛኛውን ጊዜ የምላጩን ጥልቀት የሚወስን ማስተካከያ ስለሌለው፣ ጥልቀቱን የሚወስነው የእጅዎ ማዕዘን ነው። የተለመደው ባለ አንድ ሞገድ ካርቶን ውፍረቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ ካተሩን ወደ ካርቶኑ አስተኝተው ጫፉን ብቻ ቢያስገቡ ይበቃል፤ ከተቻለም ካርቶኑን ትተው ፕላስተሩን ብቻ ይቁረጡ። ጂፕሰም ቦርድን ለመቁረጥ የፊቱን ወረቀት በብረት ማስመሪያ አስደግፈው ይቅደዱት፣ ቦርዱን ወደ ኋላ አጥፈው ይስበሩት፣ ከዚያ የጀርባውን ወረቀት ይቁረጡ፤ እስከ ታች ድረስ በምላጭ ለመቁረጥ መታገል አያስፈልግም። ለወፍራም ነገር ሁሉ አንዴ በኃይል ከመጫን ይልቅ በዚያው መስመር ላይ ደጋግሞ በቀላሉ ማለፍ የተሻለ ነው። ማስመሪያው ከተቻለ ወፈር ያለ የብረት ይሁን፣ አሉሚኒየሙን ምላጩ ይፍቀዋል። ሌላኛው እጅዎ ምላጩ በሚሄድበት መስመር ላይ ፈጽሞ አይዋል። ካተሩን ክዳን ለመፈልቀቅ ወይም ብሎን ለመፍታት አይጠቀሙበት፤ የተሰበረ ምላጭ ስባሪው ወደ ዓይን ሊፈናጠር ይችላል። መቁረጥን የሚቋቋም ጓንት ይረዳል፣ በአውሮፓ መለኪያም ከኤ እስከ ኤፍ ባሉ ደረጃዎች ይለያል፤ ነገር ግን ከመቆረጥ ለመከላከል የተሠራ ጓንት ከጫፍ ውጊያ ያድናል ማለት አይደለም።

የጂፕሰም ብናኝ በማጠፊያውና በመቆለፊያው ውስጥ ሲጠራቀም ሞላው ሙሉ በሙሉ ሳይገባ ይቆያል፤ በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉት፣ ወፍራም ዘይት አብዝተው አይቀቡት፣ ብናኙን ያጣብቀዋልና። አዲስ ምላጭም ላዩ ዘይት ስላለው፣ ነጭ ጨርቅ ወይም ወረቀት ከመቁረጥዎ በፊት ሁለቱን ጎኖች ይጥረጉ። አሮጌ ምላጭ በቆሻሻ ውስጥ ብቻውን አይጣል፤ ክዳኑ ላይ ቀጭን ክፍት ቦታ የተበጀለት ቆርቆሮ ውስጥ ያጠራቅሙት፣ ሲሞላም በፕላስተር አሽገው ያስወግዱት። ሲጓዙ ካተሩን በእጅ ሻንጣ ይዘው ወደ አውሮፕላን አይገቡም፤ በአንዳንድ አገሮች ሕግም የሚቆለፍ ታጣፊ ቢላ በኪስ መያዝ ከማይቆለፈው ተለይቶ ስለሚታይ፣ ከቤት ይዘው ከመውጣትዎ በፊት ይህን ያጣሩ።