መኪና ሳይኖረን ከሐዋሳ ወጥተን የት እንራመድ ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ ከተዛወራችሁ ሁለት ወር ሆኗችኋል፤ መኪና የላችሁም፤ የ11 ዓመት ወንድ ልጅና የ6 ዓመት ሴት ልጅ አሉሽ፤ እሑድ ጠዋት ወጥታችሁ ለማታ ቤታችሁ የምትደርሱበት፣ በእግር የሚኬድበት ቦታ ትፈልጊያለሽ። ትንሿ ልጅሽ ትችለው እንደሆነም ጠይቀሻል። እስካሁን የመለሱልሽ ሰዎች «ሐይቅ ዳር ሂዱ» ብለው አልፈዋል። አልተሳሳቱም። ነገር ግን ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ማኪያቶ መጠጣትና ሐይቅ ዳር መራመድ ለየቅል ናቸው።

እኔ 26 ዓመት መዝገብ ቤት ተቀምጬ የሠራሁ ሴት ነኝ። ወገቤ ሲያስቸግረኝ ሐኪሙ መድኃኒት ያዝልኛል ብዬ ስጠብቅ «በሳምንት ሁለት ቀን ተራመጂ» ብሎ አሰናበተኝ። ለዚህ ነው እንዴ ግማሽ ቀን ወረፋ የጠበቅኩት ብዬ ተቀየምኩት። ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሆነ፤ እኔ፣ የወንድሜ ሚስትና አንዲት ጎረቤታችን በየሳምንቱ እንወጣለን። እኛ የምንወጣው ቅዳሜ ነው፤ እሑድ ቅዳሴ አለ፣ በዚያ ላይ እሑድ የትም ቦታ ሰው ይበዛል። ከቻላችሁ እናንተም ቅዳሜ አድርጉት።

«የት» ከማለትሽ በፊት «ስንት ሰዓት» በይ። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ፀሐይዋ እዚያ የለመዳችኋት አይደለችም። ከማለዳው 12 ሰዓት ላይ የወጣ ሰው እስከ 4 ሰዓት ድረስ እንደ ልቡ ይሄዳል፤ 3 ሰዓት ላይ የወጣ ሰው ግን ገና ዳገቱን ሳያጋምስ ጥላ ፍለጋ ይጀምራል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋስ ይነሣና ሐይቁ ይናወጣል። ጀልባ የምትፈልጉ ከሆነ እሱም የጠዋት ነገር ነው።

የመጀመሪያ ቀናችሁን ፍቅር ሐይቅ ለሚባለው የሐይቁ ዳር መናፈሻና ለአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ስጡት። ከፍቅር ሐይቅ ጀምራችሁ በሐይቁ ዳር በግድቡ ላይ ወደ ደቡብ ተጓዙ። ፊላውና ሸምበቆው መካከል የሚንሳፈፉትን ሰፋፊ ቅጠሎች አስተውሉ፤ ጣቶቹ ከቁመቱ ጋር የማይመጣጠኑ፣ እጅግ ረጃጅም የሆኑ ቡናማ ወፍ ቅጠሉ ላይ እየረገጠ ሲሄድ ታያላችሁ። ክብደቱን በእነዚያ ጣቶች ስለሚያከፋፍለው አይሰጥምም። ልጆች ይህን ወፍ ካዩ ሌላውን ሁሉ ይረሳሉ።

አሞራ ገደል ስትደርሱ ዓሣ አጥማጆቹ የሌሊቱን ይዘው በእንጨት ጀልባ እየገቡ ይሆናል። ቆሮሶው እዚያው ይበለታል፣ አንጀቱ ይጣላል፤ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍም ራሰ በራውን አጎንብሶ፣ ከረጢት አንገቱን አንጠልጥሎ፣ ደመወዝ እንደሚጠብቅ ሰው ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። ቁመቱ ከትንሿ ልጅሽ ሊበልጥ ስለሚችል አታስጠጊያት፤ የዓሣ ቁራጭም በእጇ አትያዝ። ከዚያ ዛፎቹ ላይ ያሉትን ጉሬዛዎች ፈልጉ። ልጅሽ ቀስ ብሎ እጃቸውን ይመልከት፤ ጉሬዛ አውራ ጣት የለውም፣ ያለችው ትንሽ ጉብታ ብቻ ናት። ቅርንጫፍ ላይ ሲንጠለጠል አራቱን ጣቶች እንደ መንጠቆ ያደርጋቸዋል። ምግቡ ቅጠል ነው፤ ሆዱም እንደ ከብት የተከፋፈለ ነው። ስለዚህ ዳቦና ብስኩት መስጠት ደግነት አይደለም፣ ሆዱን ማበላሸት ነው። ሌባዋ ጦጣ ናት። የወንድሜን ልጅ ሙዝ ከእጁ ላይ ነጥቃ እዚያው ፊቱ ላጠችና ልጣጩን ወረወረችለት። እስካሁን ይተርከዋል። ምሳችሁን ዚፕ ያለው ቦርሳ ውስጥ አድርጉ።

የዓሣ ሾርባ እዚያው ጠጡ፤ ሚጥሚጣውን ግን መጀመሪያ በጥቂቱ። አንድ ነገር አደራ ልበልሽ፤ ልጆቹ ሐይቁ ውስጥ እግራቸውን እንዳያስገቡ። ሰው ሲዋኝ ታያላችሁ፣ ልብስ ሲታጠብም ታያላችሁ፤ ይሁንና በሐይቁ ዳርቻ የቢልሃርዚያ በሽታ እንዳለ የታወቀ ነው። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት በኩል ደግሞ ጉማሬ አለ። ጉማሬ ሲመሽ ሣር ሊግጥ ከውሃ ስለሚወጣ በማታና በማለዳ በዚያ በኩል ሸምበቆ አትጠጉ።

ታቦር ተራራ ከተማው ውስጥ ስለሆነ ብዙ አልልበትም። አጭር ነው፣ ከሥራ በኋላም ይወጣል፤ በአንድ በኩል ከተማውን፣ በሌላ በኩል ሐይቁን ያሳያል። ለመለማመጃ ጥሩ ነው። ቀን የሚጠይቀው አላሙራ ነው።

አላሙራ በከተማው ደቡብ ጫፍ ያለው ተራራ ነው፤ እግሩ ድረስ ባጃጅ ይወስዳችኋል። እኛ ሦስት ጊዜ እያረፍን በአንድ ሰዓት ከሩብ እንወጣዋለን፤ ወጣት በዚህ ጊዜ ወጥቶ ይመለሳል። መንገዱ የታወቀ ምልክት የለውም፣ የከብትና የእንጨት ለቃሚዎች ዱካ ነው፤ ሲከፋፈል ወደላይ የሚሄደውን ያዙ፣ የሚያገኟችሁንም ሰዎች ጠይቁ። ጠጠሩ ያንሸራትታል፤ በተለይ ሲወርዱ። ሰንደል ጫማ አድርጋ የመጣች ጓደኛችን በቂጧ ነው የወረደችው፤ ቀሚሷን ማታ ስታየው ሳቋ ነው ወይስ ለቅሶዋ እስክንል ድረስ ተንፈቀፈቀች።

አናቱ ላይ ግን ቁጭ በሉና ለልጆቹ አሳዩአቸው። በምዕራብ ሐይቁ ተዘርግቷል፣ በሰሜን ከተማው በመስመር እንደ ተሰመረ ደብተር ይታያል። ሐይቁና ከተማው ያረፉበት ሜዳ ጥንት በእሳተ ገሞራ የተደረመሰ ሰፊ ጎድጓዳ ነው፤ ዙሪያውን የምታዩአቸው ከፍታዎች የጎድጓዳው ከንፈሮች ናቸው። ከሐይቁ ማዶ በሰሜን በኩል ያለው ኮርቤቲ ደግሞ አሁንም ያልሞተ እሳተ ገሞራ ነው። ወደ ምሥራቅ ዞር ስትሉ ረግረግ ታያላችሁ፤ ጨለለቃ ይባላል። የዛሬ ሃምሳ ዓመት ሐይቅ ነበር። ከምሥራቁ ደጋ ደኑ ሲመነጠር አፈሩ በጎርፍ እየወረደ ሞላው። ከዚያ ረግረግ የሚወጣው ጥቁር ውሃ ነው ዓመቱን ሙሉ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ የሚገባው ብቸኛ ወንዝ። ከሐይቁ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለም፤ ያም ሆኖ ውሃው ጨዋማ አልሆነም፣ ከሥር ሰርጎ ይወጣል ይባላል። የ11 ዓመት ልጅሽ በትምህርት ቤት «የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች» ብሎ የሚሸመድደውን እዚያ ላይ ሆኖ በጣቱ ሊያሳይሽ ይችላል።

አሁን ወደምወደው ልግባ፤ ወንዶ ገነት። ከመናኸሪያ ወደ ሻሸመኔ በሚኒባስ፣ ከሻሸመኔ ደግሞ ወደ ወንዶ ገነት የሚሄደውን ትይዛላችሁ። ሻሸመኔ ሩቅ አይደለም፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጊዜ የሚበላው ተሳፋሪ እስኪሞላ መጠበቁ ነው። ብዙ ሰው ወንዶ ገነት ሲል ፍል ውሃው መዋኛ ገንዳ ማለቱ ነው፤ በበዓል ቀን ገንዳው ውስጥ ከውሃው ሰዉ ይበልጣል። እኔን የሚያስደስተኝ ከገንዳው በላይ ያለው ነው። ውሃው ከመሬት የሚፈልቅበት ቦታ ድረስ ውጡ። እንፋሎቱ ፊት ይመታል፣ የድንጋዩ ጠርዝ ላይ የዝገት ቀለም ያለው ንጣፍ አለ፤ ልጆች በቆሎና ድንች በከረጢት አስረው እያንጠለጠሉ ይቀቅላሉ። አንድ ራስ በቆሎ ገዝተን ለሦስት ተካፍለን በላን፤ ጨው አልነበረውም፣ ግን እንደዚያ የጣፈጠኝ በቆሎ አላስታውስም። የልጆቹን እጅ አጥብቃችሁ ያዙ፤ ያ ውሃ በቆሎ ይቀቅላል፣ ጣትም ይቀቅላል።

ከምንጩ በላይ ያለው ዳገት ደን ነው። እዚያ ለመግባት የአካባቢው ወጣት አስጎብኚ ያስፈልጋችኋል፤ ዋጋውን ደግሞ ከመነሣታችሁ በፊት ተነጋገሩ፣ «እስከ የት» የሚለውንም ጭምር። እኛ የመጀመሪያ ጊዜ «ደኑን እናያለን» ብቻ ብለን ተስማማን፤ ልጁ ምንጩ ድረስ ወስዶን «ይኸው ደኑ» ብሎ በጣቱ አሳየንና ተሰናበተን። ከሕግ አንጻር አልዋሸም። በሁለተኛው ጊዜ የወሰደን ግን እያንዳንዱን ዛፍ በስሙ የሚያውቅ ነበር፤ ዋንዛውን፣ ዝግባውን፣ ብሳናውን፣ ቀረሮውን። ድንገት እጁን አንሥቶ «ዝም» አለን። አንድ አረንጓዴ ወፍ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ዘለለና ክንፉን ሲዘረጋ ውስጡ ደም የመሰለ ቀይ ሆነ። ቱራኮ ነው። ባዮሎጂ የሚያጠና ልጄ በኋላ ሲነግረኝ የዚያ ቀይ ቀለም ውስጥ መዳብ አለበት፤ ላባው የሚቀላው በመዳብ ነው። እዚያው አካባቢ ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየው የደን ኮሌጅ አለ። ገና ከሩቅ በዛፎቹ ታውቁታላችሁ። ከ8 ሰዓት በፊት መመለስ ጀምሩ፤ ከሰዓት በኋላ ዳመናው በዚያ ዳገት ላይ ቶሎ ይሰበሰባል፣ የመመለሻ ሚኒባስም ሲመሽ ይመናመናል።

ዱር እንስሳ ሜዳ ላይ ማየት ከፈለጋችሁ ሰንቀሌ አለላችሁ፤ የቆርኬዎች መጠለያ። ከሻሸመኔ በሐላባ መንገድ እስከ አጄ፣ ከአጄ ወደ ውስጥ የአፈር መንገድ ነው። መጠለያው 54 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህ ዓይነቱ ቆርኬ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም። በ1983 ዓ.ም. በመንግሥት ለውጡ ጊዜ ብዙ ተገድሎ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። ፊቱ ረዥም ነው፣ ቀንዱ እንደ ቅንፍ ታጥፏል፤ አንዱ ኩይሳ ላይ ወጥቶ ዙሪያውን ሲቃኝ ሌሎቹ ተረጋግተው ይግጣሉ። ጠባቂ አብሯችሁ ይሄዳል፤ ቀስ ብሎ በእግር መሄድ ይቻላል፣ የሚገርመኝ ይኸው ነው፤ መስኮት የለ፣ ሞተር የለ፣ ሣሩ ጉልበት ድረስ ነው።

ነገር ግን በዝናብ ወቅት አትሂዱ። እኛ ነሐሴ ላይ ዘጠኝ ሆነን ሚኒባስ ተከራይተን ሄድን። ሾፌሩ «ይህቺ መኪና የማታልፈው መንገድ የለም» ብሎን ነበር። አጄን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ጎማው ጭቃው ውስጥ ገባና ቁጭ አለ። እኛ እንገፋለን፣ ጎማው ይሽከረከራል፣ ጭቃው እኛ ላይ። የመንደሩ ልጆች ቅርንጫፍና ድንጋይ አምጥተው፣ ከሁለት ሰዓት ልፋት በኋላ ወጣን፤ ቆርኬ ሳናይ ተመለስን። ከጥቅምት እስከ ጥር ድረስ ያለው ጊዜ ነው የሚመረጠው።

አብያታ ሻላ ፓርክን የጠየቅሽው በስም ነው። በሕዝብ ትራንስፖርት አይመችም። ዋናው በር አስፋልቱ ዳር ስለሆነ መድረስ አይከብድም፤ ከበሩ ገብቶ ሰጎኖቹን ማየትም ይቻላል። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ሰፊ ነው፣ ፓርኩ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ በፀሐይ በእግር ሁለቱን ሐይቆች መጨረስ ለልጆች ቅጣት ነው። ሁለት ሦስት ቤተሰብ ሆናችሁ መኪና ብትከራዩ ግን ከሁሉም የማስበልጠው ጉዞ ነው። ሁለቱን ሐይቆች በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ከፍታ ላይ ቁሙ። ሻላ 266 ሜትር ይጠልቃል፣ ቀለሙ ጥቁር ሰማያዊ ነው። አብያታ ጥልቀት የለውም፤ ውሃው ለሶዳ አሽ ፋብሪካና ለመስኖ እየተወሰደ ዓመት ከዓመት ሸሽቷል፤ የድሮው ዳር አሁን ነጭ አመድ የመሰለ ሜዳ ነው፣ ስትረግጡት ይሰነጠቃል። ጨውነቱ ሲጨምር ዓሣው አለቀ፤ ሻላ ደሴቶች ላይ ጎጆ የሚሠሩት ፔሊካኖች ምግባቸውን የሚያመጡት ከአብያታ ነበርና እነሱም ተቸገሩ። ፍላሚንጎ ግን ዓሣ በል ስላልሆነ እንደ ሐምራዊ መስመር ከሩቅ ታዩት ይሆናል። ጭቃው ላይ ተከትላችሁት አትግቡ።

ከከተማ የሚያስወጣ ጉዞ ሁሉ ዋዜማውን መንገዱ ሰላም መሆኑን መናኸሪያ ጠይቃችሁ ይሁን። ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውሃ፣ ዳቦ በእንቁላል፣ ቆሎ፣ ጥሬ ገንዘብ በዝርዝር። ቆሎ ያልኩት በምክንያት ነው፤ ብስኩት በሙቀት ያስጠማል፣ ይደቅቃል፣ ጦጣም ትወደዋለች።

የትንሿ ልጅሽን ነገር ልመልስ። ፍቅር ሐይቅና አሞራ ገደል ምንም አይላትም። ታቦርን ትወጣዋለች፣ እንዲያውም ትቀድማችኋለች። ሰንቀሌ ሜዳ ነው፣ ኮፍያ ካላት ትችላለች። ወንዶ ገነት እስከ ምንጩ ድረስ፤ ደኑን አባትየውና ወንድሟ ይውጡ፣ አንቺና እሷ በቆሎውን ብሉ። አላሙራ ላይ የእህቴ ልጅ በእሷ ዕድሜ ሁለተኛው ማረፊያ ላይ «በቃኝ፣ እዚህ እኖራለሁ» ብላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ልመናውም፣ ከረሜላውም፣ ቁጣውም አልሠራም። በመጨረሻ ነጠላዬን ፈትቼ አዘልኳትና ወጣን፤ አናቱ ላይ ስናወርዳት ምንም እንዳልሆነ ሰው እየሮጠች ፍየሎቹን አሳደደች። ነጠላ ያዢ።